ቀማሹ የማን ሰው ነው? የራይ ቢራና የዳኞቹ ታሪክ

በ2002 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በተካሄደው ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል ላይ፣ «አሜሪካን ፔል ኤል» በተባለው ምድብ የወርቅ ሜዳሊያውን የወሰደው ለገበያ ከቀረበ ገና ስድስት ወር ገደማ የሆነው አዲስ ቢራ ነበር። ቴራፒን ራይ ፔል ኤል ይባላል። ባለቤቶቹ ያኔ ከጆርጂያ ግዛት፣ ከአቴንስ ከተማ የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የራሳቸው ፋብሪካ እንኳ አልነበራቸውም፤ ቢራቸውን በሌላ ሰው ጠመቃ ቤት ነበር የሚያስጠምቁት። ዳኞቹ ይህን ሁሉ አላወቁም። የቀረበላቸው ቁጥር ያለበት ብርጭቆ እንጂ ስምና ታሪክ አልነበረም። ቀመሱ፣ ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ ወርቁን ሰጡ።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለቢራ ወዳጅ ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ አድምጦት ያልፋል። ከታሪክ አንጻር ለሚያየው ግን ከዚያ በላይ ነው። ሕግም ገበያም ለዘመናት ከበርሜል ሲያርቁት የኖሩት እህል፣ ስሙን የሚጠይቅ ሰው በሌለበት ጠረጴዛ ላይ አሸነፈ። ታዲያ እነዚያ ዳኞች ከየት መጡ? ቢራ ቀምሶ «ይህ ይለፍ፣ ይህ ይውደቅ» የማለት ሥልጣን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ሲዞር ኖረ? ቀማሹስ ሲፈርድ ለማን ብሎ ነው የሚፈርደው?

መጀመሪያ ስለ እህሉ። ራይ ብርድ የማይበግረው፣ በአሸዋማና በደከመ መሬት ላይም የሚበቅል የሰሜንና የምሥራቅ አውሮፓ እህል ነው። በአማርኛ ትርጉሞች ብዙ ጊዜ ከአጃ ጋር ይምታታል፤ አጃ ግን ሌላ ነው። ስንዴ እምቢ ባለበት ማሳ ራይ እሺ ስለሚል ለዘመናት የድሃ ዳቦ ሆኖ ኖሯል። የጀርመኑ፣ የፖላንዱ፣ የሩሲያውና የፊንላንዱ ጥቁር ዳቦ የሚጋገረው ከእርሱ ነው።

ለጠማቂ ግን ራይ ራስ ምታት ነው። ገብስ ሲፈጭ የሚቀረው ቅርፊት ድፍድፉ ውስጥ እንደ ወንፊት ሆኖ ያገለግላል፤ ፈሳሹ በእርሱ መሐል ተጣርቶ ይወርዳል። ራይ ግን ሲወቃ ቅርፊቱን ጥሎ የሚወጣ እህል ስለሆነ ወንፊት የለውም። በዚያ ላይ ሲቦካ እንደ ሙጫ የሚይዝ ባሕርይ አለው። ድፍድፉ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ አልወርድ ይላል። አልጠል ያለ ጠላ ያታገላት ሴት ይህን ያለ ማብራሪያ ትረዳዋለች። ደግነቱ፣ በጋኑ ውስጥ ጠማቂውን የሚያሰቃየው ያው ሙጫማነት ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ጸጋ ይሆናል፤ ምላስ ላይ ወፈር፣ ለስለስ፣ ዘይት ቀባ ያደረገ ስሜት ይሰጣል። ራይ ኤል ጠጥቶ «አፌን ሞላው» የሚል ሰው የሚናገረው ስለዚህ ነው።

ጣዕሙስ? በደንብ የተሠራ ራይ ኤል ሲሸተት የጥቁር ዳቦ ቅርፊት፣ ጥቂት የአፈር፣ ጥቂት የበርበሬ ቁንዶ ጠረን አለው። ሲጠጣ ከብቅሉ ጣፋጭነት ሥር ደረቅና ቅመም ቅመም የሚል ነገር ይመጣና ከሆፑ ምሬት ጋር ተያይዞ ይወርዳል። ሆፕ ማለት የፈረንጅ ጌሾ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ዳኛው የሚፈተነው ታዲያ እዚህ ቅመም ላይ ነው። ቅመሙ በእርግጥ ከራይ ነው የመጣው? የባቫሪያ የስንዴ ቢራ እርሾ የቅርንፉድ ጠረን ያወጣል። አንዳንድ የሆፕ ዝርያም ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ይባስ ብሎ በአሜሪካ የራይ ዳቦ ብዙ ጊዜ የሚጋገረው ካራዌይ ከሚባል አዝሙድ መሰል ቅመም ጋር ስለሆነ፣ ብዙ ሰው «ራይ» ሲባል ትዝ የሚለው እህሉ ሳይሆን ቅመሙ ነው። ቀማሹ በምላሱ ብቻ አይቀምስም፤ በልጅነቱ በበላው ዳቦም ይቀምሳል።

አሁን ወደ ቀማሹ እንምጣ።

የመጀመሪያዎቹ ሹመኛ ቀማሾች ስለ ጣዕም ምርቃት የሚጨነቁ ሰዎች አልነበሩም። ጉዳያቸው ዳቦና ሳንቲም ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ዘመን፣ እንግሊዝ የዳቦና የኤል ዋጋ ሕግ አወጣች፤ አዘውትሮ የሚጠቀሰው ዓመት 1266 ነው። ሕጉ የኤልን ዋጋ ከእህል ገበያ ጋር አሰረው። እህል ሲወደድ ኤሉም ከፍ ይበል፤ እህል ሲረክስ ግን ጠማቂው በድሮው ዋጋ መሸጥ አይችልም። እህሉ በአማካይ ዋጋ ላይ ሲሆን በከተማ 2 ጋሎን ኤል በ1 ፔኒ፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ 3 ወይም 4 ጋሎን በ1 ፔኒ ይሸጥ ተባለ። ያን ጊዜ ኤል ማለት ሆፕ ያልገባበት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚኮመጥጥ፣ የዕለት ተዕለት መጠጥ ነበር። ስለዚህ ኤል ላይ ማጭበርበር የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የኑሮ ውድነት ጉዳይ ነበር።

ሕጉን ለማስፈጸም በየከተማውና በየርስቱ ቀማሽ ተሾመ። አዲስ ጥንስስ ሲደርስ ጠማቂዋ በደጃፏ ላይ ቅጠል የታሰረበት እንጨት ታቆማለች፤ ቀማሹ ያንን አይቶ ይመጣል፣ ይቀምሳል፣ መስፈሪያውን ይመረምራል፣ ዋጋውን ያጸድቃል። በጠላ ቤት ደጃፍ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ሲደፋበት እያየ ላደገ ሰው ምልክቱ ባዕድ አይሆንበትም። ልዩነቱ፣ የእንግሊዙ እንጨት የሚጠራው ጠጪን ብቻ ሳይሆን ተቆጣጣሪንም መሆኑ ነው።

«ጠማቂዋ» መባሉ በከንቱ አይደለም። እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በእንግሊዝ መንደሮች ኤል የሚጠምቁት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ጁዲት ቤኔት የተባለችው የታሪክ ምሁር በ1996 ባሳተመችው መጽሐፏ ይህን በዝርዝር አሳይታለች። ቀማሾቹ ግን ወንዶች ነበሩ። የምትሠራው ሴት፣ የሚፈርደው ወንድ። ፍርዱም ቀስ በቀስ መልኩን ለወጠ። ጥፋተኛን ለመቅጣት የተጀመረው መቀጫ በብዙ ቦታ ጥፋት ይኑርም አይኑር የጠመቀ ሁሉ በየጊዜው የሚከፍለው ሆነ፤ ቅጣት መባሉ ቀርቶ የንግድ ፈቃድ ክፍያ ቢባል ይቀል ነበር። ቁጥጥር ሆኖ የተጀመረ ነገር ገቢ መሰብሰቢያ ሆኖ ሲያርፍ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም፤ ለመጨረሻ ጊዜም አልሆነም።

ከእነዚህ ቀማሾች አንዱ በ1556 በስትራትፎርድ ከተማ የተሾመው ጆን ሼክስፒር ነው፤ የባለ ቅኔው የዊልያም ሼክስፒር አባት። ስለ ቀማሾቹ የሚነገር አንድ ተወዳጅ ተረትም አለ። ቀማሹ የቆዳ ሱሪ ለብሶ፣ አግዳሚ ላይ ኤል አፍስሶ ይቀመጥበታል፤ ሱሪው ከተጣበቀ ኤሉ ስኳር ያልጨረሰ፣ ያልደረሰ ነው ይባላል። ታሪኩ ያስቃል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ሆኖም ሰዎች ለምን እንደወደዱት ግልጽ ነው፤ በምላስ ከሚፈርድ ሹም ይልቅ በሱሪ የሚፈርድ ሹም ጉቦ ለመብላት ያስቸግረዋል።

ራይን ከበርሜል ያስወጣው ግን የእንግሊዝ ቀማሽ ሳይሆን የባቫሪያ መስፍን ነው። ኤፕሪል 23 ቀን 1516 ቪልሄልም 4ኛና ሉድቪግ 10ኛ የተባሉት ወንድማማች መሳፍንት በኢንጎልሽታት ከተማ አንድ አዋጅ አወጡ። ዛሬ ይህ አዋጅ በየጠርሙሱ ላይ «የንጽሕና ሕግ» ተብሎ ይወደሳል። ጽሑፉን ገልጦ የሚያነብ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ንጽሕናን ሳይሆን ዋጋን ነው። ከቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል አንድ ማስ ቢራ (ከአንድ ሊትር ጥቂት ይበልጣል) በ1 ፌኒግ፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ቅዱስ ሚካኤል ደግሞ ከ2 ፌኒግ ባልበለጠ። ከዚያ በኋላ ነው ታዋቂው ዓረፍተ ነገር የሚመጣው፤ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በስተቀር ከሌላ ነገር አይጠመቅ። የጣሰ በርሜሉ ይወረሳል።

ስንዴና ራይ ለምን ተከለከሉ? አዋጁ ራሱ ምክንያቱን አይዘረዝርም። በሰፊው የሚሰጠው ማብራሪያ የዳቦ እህል ለጋጋሪ ይቅር፣ ጠማቂና ጋጋሪ በአንድ እህል ላይ ተሻምተው ዋጋ እንዳያንሩ የሚል ነው። የአዋጁ መደምደሚያም ይህን ያጠናክራል፤ የእህል እጥረትና ውድነት ከመጣ መሳፍንቱ ተጨማሪ ገደብ የመጣል መብት እንዳላቸው ይናገራል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ክፉ አይደለም። ጥቁር ዳቦ በልቶ ለሚያድር ሕዝብ ራይን ከጠማቂ ማዳን ተገቢ ፖሊሲ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ በስንዴ ላይ በሆነው ነው። ሕጉ ስንዴንም ከልክሎ ነበር። ነገር ግን ዴገንበርግ የተባለ የመኳንንት ቤተሰብ በ1548 የስንዴ ቢራ የመጥመቅ ልዩ መብት ተሰጠው። በ1602 የቤተሰቡ የመጨረሻ ወራሽ ያለ ልጅ ሲሞት መብቱ ወደ መስፍኑ ወደ ማክሲሚሊያን 1ኛ ዞረ። ማክሲሚሊያን ታዲያ «ሕጉ ስንዴ ይከለክላልና ጠመቃውን ልዝጋ» አላለም። በየቦታው የስንዴ ቢራ ጠመቃ ቤት ከፈተ፣ ንግዱን ለራሱ ብቻ አደረገ፣ ግምጃ ቤቱን ሞላ። ለሌላው ወንጀል የሆነው ለመስፍኑ ገቢ ሆነ።

ስንዴ ጌታ ነበረው፤ ራይ ግን ማንም አልነበረውም። የድሃ እህል ነውና በራይ ቢራ ላይ ልዩ መብት የሚለምን መኳንንት አልተገኘም። ለዚህ ነው የባቫሪያ የስንዴ ቢራ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው፣ የራይ ቢራው ግን ሮገንቢር የሚል ስሙ ብቻ ቀርቶ ከገበያ የጠፋው። «ሕዝቡ ገብስን መረጠ» የሚሉ ጽሑፎች አሉ። ሕዝቡ ምን ይመርጥ እንደነበር ለማወቅ መጀመሪያ ምርጫው ሊቀርብለት ይገባ ነበር።

በነገራችን ላይ «የንጽሕና ሕግ» የሚለው ስያሜ ራሱ የተሰማው በ1918 በባቫሪያ ምክር ቤት ክርክር ላይ ነው። ስሙ ከአዋጁ በ400 ዓመት ያንሳል። በ1906 ሕጉ በመላው ጀርመን ሲዘረጋ፣ እንደ ኤል ባለ ሞቅ ባለ ሙቀት በሚቦካ ቢራ ውስጥ ከገብስ ሌላ ብቅልም ተፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ራይ በወረቀት ላይ ነፃ ወጣ፤ ግን የሚያስታውሰው ጠማቂ አልነበረም። በ1987 ደግሞ የአውሮፓ ፍርድ ቤት፣ ጀርመን በዚህ ሕግ ሰበብ የሌላ አገር ቢራ «ቢራ» ተብሎ እንዳይገባ መከልከሏ ከጋራ ገበያው ስምምነት ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። ጀርመን «ተጠቃሚው ቢራ ሲባል የሚጠብቀው ነገር አለ» ብላ ተከራክራ ነበር። የፍርድ ቤቱ መልስ በጭሩ፣ የሰው ልማድ ይለወጣል፣ ሕግ ደግሞ ልማድን አድርቆ ለማቆየት መሣሪያ ሊሆን አይገባም፣ ለገዢው ከተጨነቃችሁ ጠርሙሱ ላይ ምን እንዳለበት ጻፉለት የሚል ነው። በዓመቱ፣ በ1988፣ በባቫሪያ ሺርሊንግ ያለ ጠመቃ ቤት የራይ ቢራ ለገበያ አቀረበ። አንዱ የሌላው ውጤት አይደለም፤ መገጣጠማቸው ግን ያምራል።

እስከዚያ ድረስ ቀማሹ የት ነበር? ፋብሪካ ገብቶ ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቢራ ትልቅ ኢንዱስትሪ ሲሆን መንደር ለመንደር የሚዞረው ሹም ሥራ ፈታ። ለንደን ዛሬም ቀማሾች ትመርጣለች፤ ሥራቸው ግን የክብር ነው። እውነተኛው ቅምሻ ወደ ላቦራቶሪ ዞረ። ዊልያም ጎሴት የተባለው ወጣት በ1899 በደብሊን ጊነስ ፋብሪካ ተቀጠረ። በጥቂት ናሙና ላይ ተመሥርቶ እንዴት እንደሚወሰን ሲያስብ ቆይቶ በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬ ስታትስቲክስ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ፈተና መነሻ ሆነ። በ1940ዎቹ ደግሞ በኮፐንሀገን ካርልስበርግ ፋብሪካ ሦስት ብርጭቆ የማቅረብ ዘዴ ተቀየሰ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ፤ ቀማሹ የተለየውን ያውጣ። ዘዴው ቀላል ነው፣ ጨካኝም ነው። «ምላሴ የሰለጠነ ነው» የሚልን ሰው በአምስት ደቂቃ ዝም ያሰኛል። በ1979 ሞርተን ማይልጋርድ የተባለው ዴንማርካዊ ኬሚስት ከ100 በላይ የቢራ ጣዕሞችንና ጠረኖችን በአንድ ክብ ሥዕል ላይ አሰፈረ፤ የቅቤ ጠረን፣ የአረንጓዴ ፖም ጠረን፣ የተቀቀለ በቆሎ ጠረን። ከዚያ በፊት አንዱ «ይሸታል» የሚለውን ሌላው «ይጣፍጣል» ይል ነበር፤ አሁን የጋራ ቋንቋ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው። ግን የፋብሪካ ቀማሽ የሚጠየቀው ጥያቄ ምን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። «ጥሩ ነው ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። «የዛሬው ከትናንትናው ጋር አንድ ነው ወይ?» ነው የሚባለው። ድፍድፉን የሚያጣብቅ፣ ጣዕሙ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥ ራይ በእንዲህ ዓይነት ቤት ቦታ አይኖረውም። የአሜሪካ ትልልቅ ፋብሪካዎች ገብሱን በበቆሎና በሩዝ አቅልለው፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አንድ ዓይነት ጣዕም ያለው ላገር አፈሰሱ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያች ሰፊ አገር የቀሩት ፋብሪካዎች 100 አይሞሉም ነበር።

ለውጡ የመጣው ከሰው ጓዳ ነው። የአልኮል ክልከላው በ1933 ሲነሳ ቤት ውስጥ ወይን መጥመቅ ሲፈቀድ ቢራ መጥመቅ ሳይፈቀድ ቀርቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ያንን የሚያስተካክለውን ሕግ የፈረሙት ኦክቶበር 14 ቀን 1978 ነው። በዚያው ዓመት በኮሎራዶ ቦልደር ከተማ የቤት ጠማቂዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1982 ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል ተጀመረ፤ በ1985 ቢጄሲፒ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም ተቋቋመ። የሚቀምሱት ንጉሥ ያልሾማቸው፣ ፋብሪካ ያልቀጠራቸው፣ ፈተና ተፈትነው በትርፍ ጊዜያቸው የሚዳኙ ሰዎች ሆኑ።

እነዚህ ዳኞች ሚዛን ያስፈልጋቸው ነበር፤ ሚዛኑን በብዙ መንገድ የሰጣቸው ማይክል ጃክሰን ነው። ዘፋኙ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ። በ1977 ባሳተመው የዓለም ቢራ መጽሐፍ ቢራዎችን በዓይነት በዓይነታቸው ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ አገሩንና ታሪኩን ጻፈ። ቢጄሲፒም በዚሁ መንገድ ለእያንዳንዱ ዓይነት መግለጫ አዘጋጀ። ዳኛው የሚሞላው ቅጽ ከ50 ነጥብ ነው፤ ለጠረን 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ ለአፍ ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። ከ45 በላይ ያገኘ እጅግ ድንቅ ነው፤ ከ14 በታች የወደቀ ችግር ያለበት።

አሁን ራይ ኤል ይዞ ወደዚህ ሚዛን የሚቀርበውን ጠማቂ እናስብ። የት ምድብ ይግባ? ብቅሉ ግማሽና ከዚያ በላይ ራይ ከሆነ፣ በባቫሪያ የስንዴ ቢራ እርሾ ከተጠመቀ፣ ሮገንቢር ነው፤ መመሪያውም ካራዌይ መጨመር እንደማይገባ በግልጽ ያስጠነቅቃል። እንደ ብዙዎቹ የአሜሪካ ራይ ኤሎች ራይው ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ከሆነ ሌላ ምድብ ይፈልጋል። ምድቡን ከሳተ፣ ጠጪውን ሁሉ የሚያስደስት ቢራ ቢሆንም፣ «በደንብ ተሠርቷል፣ ከዓይነቱ ግን ወጥቷል» ተብሎ ነጥቡ ይቀነሳል። የዴንቨሩ አሸናፊ የተዳኘው በራይነቱ ሳይሆን በፔል ኤልነቱ ነበር፤ ራይው ቢራውን ከምድቡ አላስወጣውም፣ ይልቁንም ከጎረቤቶቹ ለየት አደረገው። ብልህ ምርጫ ነው። ግን አንድ ነገር ይናገራል፤ ራይ ወርቅ ያገኘው ራይ ተብሎ አልነበረም።

በዚህ መንገድ የዳኛው ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀየረ። የእንግሊዙ ሹም «ዋጋውና መስፈሪያው ትክክል ነው ወይ?» ይል ነበር፤ የፋብሪካው ባለሙያ «ከትናንቱ ጋር ይመሳሰላል ወይ?» አለ፤ የዛሬው ፈቃደኛ «ከመግለጫው ጋር ይስማማል ወይ?» ይላል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1987 ለጀርመን የሰጠው ምክር፣ ልማድን አታድርቁ የሚለው፣ ለመመሪያ አዘጋጆችም ይሠራል። ለፍትሕ ሲባል ግን ይህም ይነገር፤ መግለጫ ባይኖር ዳኛው የሚፈርደው በሆዱ ይሆን ነበር። ሆድ ደግሞ ጣፋጭና ብርቱ አልኮል ያለበትን ያደላል። መመሪያው ቢያንስ ለስላሳውንና ትሑቱን ቢራ ከጩኸታሙ ጋር እኩል ሸንጎ ላይ ያቆመዋል።

ሌላው ጉዳይ የዳኛው ጽናት ነው። በ2008 ሮበርት ሆጅሰን የተባለ የካሊፎርኒያ ጡረታ የወጣ ፕሮፌሰርና ወይን ጠማቂ፣ በአንድ ትልቅ የግዛቲቱ የወይን ውድድር ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳውን ወይን ዳኞቹ ሳያውቁ ሦስት ጊዜ አቀረበላቸው። ለዚያው ወይን የሰጡት ነጥብ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ የሜዳሊያ ደረጃ ውስጥ የወደቀላቸው ከ10 ዳኞች አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጥናቱ ስለ ወይን ነው፤ ስለ ቢራ እንዲህ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ምላስ ግን ያው ምላስ ነው፣ ድካምም ያው ድካም ነው፤ አሥረኛውን ብርጭቆ የሚቀምስ ሰው የመጀመሪያውን የቀመሰው ሰው አይደለም።

ታዲያ ምን ይሁን ቢባል፣ ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለትልቅ ፋብሪካ ሜዳሊያ ጌጥ ነው። የራሱ ጋን ለሌለው ጠማቂ ግን ከአከፋፋይ ጋር የሚደራደርበት ወረቀት፣ ብድር የሚጠይቅበት ዋስ ነው። ቴራፒን ወርቁን ሲያገኝ በጆርጂያ ከ6 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ቢራ መሸጥ ገና በሕግ ክልክል ነበር፤ ገደቡ የተነሣው በ2004 ነው። እንዲህ ባለ ግዛት ውስጥ ለተነሣ ትንሽ ጠማቂ በሌላ ከተማ ስሙን ሳያውቁ የፈረዱለት ሰዎች ምስክርነት ከማስታወቂያ ሁሉ ይበልጣል። ስም ተሸፍኖ መቅመስ ከዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ የተገኘ ትልቁ ፍሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የ1556ቱ ቀማሽ የሚቀምሰው የጎረቤቱን ሚስት ኤል እንደሆነ ያውቅ ነበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በፊንላንድ ሳህቲ የሚባል የገጠር ቢራ አለ። ከገብስ ብቅል ጋር ብዙ ጊዜ ራይ ይገባበታል፤ በጥድ መሰል ቅርንጫፍ በተነጠፈ የእንጨት ገንዳ ይጠለላል፤ በዳቦ እርሾ ይቦካል፤ አረፋው ጥቂት ነው፣ ቶሎ ካልተጠጣም ይበላሻል። ስለ ጠላ የተጻፈ ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002፣ ቴራፒን ወርቁን ባገኘበት ዓመት፣ ሳህቲን በባህላዊ ምርትነቱ ስሙ ተጠብቆ እንዲኖር መዘገበው። ለሠርግና ለበዓል የሚጠምቁት ሰዎች ዛሬም አሉ። በቢጄሲፒ መመሪያ ግን ሳህቲም፣ ሮገንቢርም የተቀመጡት በአንድ ምድብ ነው፤ ምድቡ «ታሪካዊ ቢራ» ይባላል። ጠላ ደግሞ በመመሪያው ውስጥ የራሱ ምድብ የለውም፤ በዋሽንግተን ወይም በዴንቨር በጌሾ የጠመቀውን ለውድድር ማቅረብ የሚፈልግ ሰው «ልዩ ልዩ» ከሚባሉት በአንዱ ያስመዘግበዋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጢስ ጢስ የሚለውን ጠላ የሚቀምሰው ዳኛ፣ ጢሱ የጋኑ መታጠን መሆኑን የሚነግረው መግለጫ በእጁ አይኖርም።